ያልተመዘገቡት ዓሦች

የመንደሩ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። መልእክቱ ጉዪያንግ ከተማ ካለው የዳታ ማዕከል ነው፦ ነገ ማለዳ የማዕከሉ ማሽን የሩዝ ማሳዎቹን ውኃ አፍስሶ ለሰባት ቀን ያለ ውኃ ያቆያቸዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ ከሥሩ የሚወጣው አየር የሚያሞቅ ጋዝ ይቀንሳል።

ሽማግሌው ዉ ጄንሻን መልእክቱን ሁለቴ አነበበና ደነገጠ። ዳታ የሚጠላ ሰው ሆኖ አይደለም። አምና በዚሁ ስልክ ምክር ማዳበሪያውን በግማሽ ቢቀንስ ሩዙ ምንም አልጎደለበትም። አሁን ያስጨነቀው ማሳው ውስጥ ያሉት ዓሦች ናቸው፤ ማሽኑ አያውቃቸውም። እንዴት ይወቃቸው? በጸደይ የወንድሙ ልጅ ሹዌዪንግ ዓሣ ያለበት ማሳ ውኃው እንዳይፈስ ለማዕከሉ ልትመዘግብ መጥታ ስትጠይቀው «ዓሣ የለኝም» ያላት እሱ ራሱ ነው።

የዋሸው ለክፋት አልነበረም። በደቡብ ቻይና በሚኖሩት በዶንጎች ዘንድ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ሥጋ አይነካም፤ ሟች የሚሸኘው በጨውና በሩዝ ታሽቶ በእንጨት በርሜል በከረመ ዓሣ ነው። የጄንሻን በርሜል እናቱ ሲሞቱ ባዶ ቀረ። ሚስቱ ፔይዩን ደግሞ አልጋ ከያዘች ስድስት ወሯ። ለቀብሯ የሚሆን ዓሣ እንደሚያረባ እሷ በሕይወት እያለች በምን አፉ ይናገር? ሟርት ነዋ!

ሹዌዪንግን አስጠራትና ከቤቱ መስኮት ሥር ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ የእኔን ማሳ ከዝርዝሩ አውጪልኝ።»

«አጎቴ፣ ዝርዝሩ የእኔ ጓዳ መሰለዎት? ያለ ምክንያት አይሰረዝም።»

«ዓሣ አለኝ።»

«በጸደይ የለኝም አሉኝ እኮ!» ስልኳን ከፈተች። «እሺ፣ ስንት ናቸው? ለምንድን ናቸው? ለሽያጭ?»

ጄንሻን መሬት መሬቱን አየ።

ከላይ መስኮቱ ተከፈተ። ፔይዩን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ሠላሳ አንድ ናቸው» አለች። «ጠዋት ጠዋት ሲመግባቸው በመስኮት ከመቁጠር ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

«ፔይዩን፣ ግቢ፣ ይበርድሻል!»

«አንተ ዝም በል። ሹዌዪንግ፣ ለፔይዩን መሸኛ ብለሽ ጻፊ።»

ልጅቷ ስልኩ ላይ ያሉትን ምርጫዎች አየች። «አክስቴ... እንዲህ የሚል ምርጫ የለውም።»

«እንግዲያው ለምግብ በይው። ለቀስተኛ አይበላም እንዴ?»

በማግስቱ ማለዳ የጎረቤቶቹ ማሳ ሁሉ ጎደለ፤ የጄንሻን ብቻ እንደሞላ ቀረ። ሽማግሌው ለዓሦቹ የሩዝ ብጣሪ በተነላቸው፤ ቀና ሲል ፔይዩን መስኮቱ ላይ ሆና ትቆጥራለች። ከእንግዲህ የሚደብቃት ነገር አልነበረምና፣ እያየችው አለቀሰ።