ንጉሡ የተቀመጠበት ወንበር

ዱሉዝ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሆዳችንን ለመነጋገር ሰባት ሆነን እንሰበሰብ ነበር። ስምንት ሳምንት ሙሉ የያዝነው አንድ ተረት ነው። ንጉሥ ልጁን በበረዶ አስወጥቶ በሩን ይዘጋባታል፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ታንኳኳለች። ይክፈት አይክፈት ተረቱ አይናገርም።

መሃል ላይ አንድ ወንበር አለ። እዚያ የተቀመጠ ሰው በተረቱ ውስጥ ያለ ነገር ሆኖ ይናገራል እንጂ በራሱ ስም አይናገርም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የምክር አገልግሎት ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነበር፤ ሰው ከጭንብል ጀርባ ሲሆን እውነት መናገር ይቀለዋል ብዬ አምን ነበር።

አርቪድ ላህቲ ዕድሜያቸውን የብረት ማዕድን መርከብ ላይ ሲጭኑ የኖሩ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የበሩን ቁልፍ መሆን መረጡ።

«ጥሩ መርጠሃል፤ አፍህም እንደሱ ዝግ ነው» አለቻቸው ከሰባታችን አንዷ የሆነችው በርናዲን። እሷ ሁሌም የንጉሡን ፈረስ መሆን ነው የምትመርጠው።

በአምስተኛው ሳምንት አርቪድ ንጉሡን ሆኑና አለቀሱ። ስንወጣ ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«ልጄን ላምጣት? ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠቅልላ አሪዞና ልትገባ ነው። ከዚያ በኋላ የማያት አይመስለኝም።»

«ምን ሊሏት ነው?»

«አሥራ ስድስት ዓመቷ ሳለ በጥር ብርድ በር ዘግቼባታለሁ። ይቅርታ ብያት አላውቅም።»

በስምንተኛው ሐሙስ ልጃቸው ካሪን መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አርቪድ መሃል ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያዙ።

«እኔ ንጉሡ ነኝ» አሉ። «በሩን የዘጋሁት ፈርቼ ነው። ንጉሡ ተጸጽቷል።»

«የምን ንጉሥ?» አለች ካሪን። «አባባ፣ በዚያ ብርድ ሁለት የእግር ጣቶቼን ያሳጣኝ ንጉሥ ነው እንዴ? አንተ ንገረኝ። በራስህ አፍ።»

አርቪድ ወደ እኔ ዞሩ። ፈቃድ እየጠየቁኝ ነበር፤ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን የታየኝ የሚፈርስ ደንብ ብቻ ነው።

«እዚህ የምንናገረው ከተረቱ ውስጥ ሆነን ነው» አልኳት በለዘበ ድምፅ። «ከፈለግሽ አንቺም ልጅቷን ሆነሽ ለንጉሡ ልትመልሺለት ትችያለሽ።»

ካሪን ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅቷን ሆኛለሁ፤ ይበቃኛል» ብላ ተነሳች። አባቷን አየቻቸው፤ ትንሽም ጠበቀች። እሳቸው አፋቸውን ከፈቱ።

«ንጉሡ...» አሉ።

ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ተነስና ተከተላት እንጂ!» ብላ ጮኸች በርናዲን።

አርቪድ አልተነሱም። «እኔ ነኝ» አሉ ክፍት ወደቀረው በር እያዩ። «የዘጋሁት እኔ አርቪድ ነኝ። ስታንኳኳ እሰማት ነበር።»

ደግፌያቸው ደረጃውን ወጣን። ጉልበታቸው እምቢ እያለ ሁለት ጊዜ ቆምን። ውጭ በረዶ ይጥላል፤ የካሪን መኪና ቆማ የነበረችበት ቦታ ብቻውን በረዶ ሳይነካው ጠቁሮ ይታያል።

«ስልክ ይደውሉላት» አልኳቸው።

«አታነሳም» አሉ።

ኮታቸውን ምድር ቤት ትተውት ነበር የወጡት። ላመጣላቸው ወረድኩ። ይዤ ስመለስ ያ ጥቁር ቦታ መንጣት ጀምሮ ነበር፤ እሳቸውም እዚያው ቆመዋል።