አርባ አንደኛው ቤት

“ይሄ ነው የኔን ኃጢአት የሚሰማው?” አሉ እማማ እቴነሽ። ስንዴ የሚያበጥሩበትን ሰፌድ ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ወጣቱን ቄስ ከጥምጥሙ እስከ ፕላስቲክ ጫማው አዩት። “መምሬ፣ ይሄ እኮ በኔ ደጅ ‘በእንተ ስማ ለማርያም’ እያለ ሲለምን ውሻዬ የነከሰው ተማሪ ነው።”

“ራሱ ነው” አሉ መምሬ ወልደሚካኤል፣ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ እያስደገፉ። “ንክሻው ድኗል። ዛሬ ቄስ ምሕረትአብ ነው።”

እማማ እቴነሽ ዕድሜውን ጠየቁ። ሃያ አምስት መሆኑን ሲሰሙ ሰፌዱን አንዴ አነሡና መልሰው አስቀመጡት።

“የኔ ኃጢአት በዕድሜ ይበልጥሃል፣ ልጄ።”

“እንግዲያው ታላቄ ነዋ፤ ሲመጣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነው የምቀበለው” አለ ምሕረትአብ።

አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ሳቁ። ሳቁ አልቆም ብሏቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ መስቀል ለመሳለም አንገታቸውን ዘለግ አደረጉ። መምሬ የማንን መስቀል እንደሚሳለሙ ትንፋሻቸውን ይዘው አዩ። የወጣቱን ነበር። አርባኛው ቤት በዚህ አለቀ።

መምሬ ወልደሚካኤል በጉና ግርጌ፣ ከገሳይ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው አጥቢያ ሠላሳ አራት ዓመት የንስሐ አባት ሆነው ኖረዋል። አርባ አንድ ቤት ይዘው የሚያገቡትን አጋብተው፣ የሚወለዱትን አጥምቀው፣ የሚሞቱትን ፈትተው። ዘንድሮ ግን ቀኝ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ደብረ ታቦር ያያቸው ሐኪም ዳገት እንዲቀንሱ መከራቸው፤ እሳቸውም በአጥቢያው ዳገት የሌለበት ቤት እንደሌለ ሊያስረዱት ጀምረው ተዉት። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሳይገባ የንስሐ ልጆቻቸውን ለምሕረትአብ ለማስረከብ ተነሡ።

ነገሩ እንደ መሬት ወይም እንደ በሬ ርክክብ አይደለም። የንስሐ አባትን ሰው ራሱ ፈቅዶ ነው የሚይዘው። ወጣቱን አልፈልግም ያለ ሰው ያለ አባት ይቀራል፤ ያለ አባት የሞተ ሰው ደግሞ እዚያ አገር ፍትሐት ያጣል። ለዚህ ነው መምሬ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያነከሱ ከቤት ቤት ሲያዞሩት የከረሙት።

መንገድ ላይ ያስተምሩታል። “ገብተህ እንደተቀመጥክ ሰውየውን እንዴት ነህ አትበለው፤ እሱን ሁሉም ይለዋል። ከብቶቹን ጠይቅ። ከዚያ ልጆቹን። ሰውየው በመጨረሻ ራሱ ይመጣልሃል” ይሉታል። ጠላ ሲቀዳለት ቶሎ እንዳይጨርስ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ ዝም ያለውን እንዲሰማ፣ ሰው ሲያለቅስ “አይዞህ” ለማለት እንዳይቸኩል ነግረውታል። ምሕረትአብ ሁሉንም ይጽፋል። ሚስቱ ሩት በማስመሪያ ያሰመረችለት ደብተር አለው፦ የአባወራው ስም፣ የልጆቹ ቁጥር፣ የቆረቡበት ጊዜ፣ በመጨረሻም “ማወቅ ያለብኝ” የሚል ሰፊ ዓምድ። ያ ዓምድ በአርባውም ቤት ላይ ባዶ ነው። በየደጁ “አባቴ፣ አንድ ፍንጭ እንኳ” ብሎ ሲለምናቸው፣ በየደጁ “የነገሩኝ ለኔ ነው፤ አንተ ደግሞ ራስህ ታገኘዋለህ” ብለው ይመልሱታል።

የመጨረሻው ቤት ከአፋፉ ላይ ነበር። የታጨደውን የገብስ ማሳ አቋርጠው ሊደርሱ ሲሉ መምሬ ቆሙ።

“እዚህ ቤት ምንም አትጠይቅ። ባርክና እንውጣ።”

“ለምን?”

“ስለነገርኩህ።”

ምሕረትአብ አያቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ አትጠይቅ ሲሉት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ቤቱ የአያሌው ነው። አያሌው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለመምሬ የነገራቸው ነገር ነበር። ንስሐ ነውና እዚያው ይቀራል። ቀኖና ሰጡት፤ ግማሹን ፈጸመ፣ ከግማሹ ላይ ቆመ። ሳይጨርስ እንዳይቆርብ ነግረውት ነበርና አልቆረበም። በቁርባን የተጋቡ ስለሆኑም ሚስቱ ዝናሽ ያለ እሱ አልቀረበችም። በመጀመሪያ መምሬ በየበዓሉ ይጠይቁት ነበር። በኋላ ኩላሊታቸው ታሞ በቃሬዛ ወደ ገሳይ ሲወርዱ ከፊት ሆኖ የተሸከማቸው አያሌው ነው፤ ዝናብ እየመታው፣ ትከሻ አልለውጥም ብሎ፣ እስከ አስፋልቱ። ደብረ ታቦር ሆስፒታልም አሥራ አንድ ቀን ከአጠገባቸው አልተለየም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በዓመት አንዴ ሆነ። ከዚያም ቀረ።

አያሌው ከደጅ ተቀበላቸው። ሃምሳን የተሻገረ፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው። መምሬን ተሳልሞ ሲያበቃ ብብታቸውን ይዞ እንደ ሕፃን ደፉን አሻገራቸው።

“እንኳን ደህና መጣህ፣ ዲያቆን” አለው ምሕረትአብን።

“ቄስ ነው” አሉ መምሬ።

“አዎ፣ ቄስ።”

ዝናሽ ጠላ ቀዳች፤ የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረበች። ምሕረትአብ እንደተማረው ከከብቶቹ ጀመረ። ጊደሯ ዓይኗን ታማለች። ከልጆቹ ወንዱ ባሕር ዳር ሥራ ይዟል፤ ሴቷ ገሳይ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ወሬው እየሞቀ ሄደ። መምሬም ጣሳቸውን እንደያዙ ልጁ ሲናገር ማየት ደስ አሰኛቸው፤ እሳቸው በሱ ዕድሜ አፋቸው እንዲህ አይፈታም ነበር። አያሌው ግን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባው ቀደመ።

“አባቴ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፤ እግዜር ያሳድገው። እኔ ግን እርስዎ በሕይወት እያሉ ሌላ አባት አልይዝም። መምጣት ካቃተዎ በቅሎ ልኬ አስመጣዎታለሁ።”

መምሬ ደስ አላቸው። ደስ ሊላቸው እንደማይገባ እያወቁ ደስ አላቸው። አርባውን አስረክበው አንዱን ለራሳቸው ቢያስቀሩ ማንን ይጎዳል?

ምሕረትአብ አትጠይቅ የተባለውን አልረሳም። ቢሆንም ሰውየው የሱ የንስሐ ልጅ ሊሆን አይደለም፤ ለምን ዝም እንደሚልም አልገባውም።

“ጋሼ አያሌው፣ ከቆረቡ ስንት ጊዜ ሆነዎ?” አለ።

የዝናሽ እጅ ገንቦው ላይ ቆመ።

“እሱን ተወው” አሉ መምሬ ቶሎ ብለው። “እኔ አውቀዋለሁ።”

ወጣቱ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ አንገቱን ደፋ። በሰው ፊት ሲያቋርጡት ይህም የመጀመሪያው ነበር። ያን ጊዜ ዝናሽ ገንቦውን እንደያዘች፣ ማንንም ሳታይ ተናገረች።

“ዘጠኝ ዓመት ተውነው እኮ፣ አባቴ።”

ቁጣ አልነበረበትም። ዝናቡ ዘገየ እንደሚባለው ነው ያለችው። ይህች ሴት በነዚህ ዓመታት ነገሩ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃቸው አታውቅም። በየቅዳሴው ሰዉ ለመቁረብ ሲቀርብ እሷ ከሴቶቹ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀራለች። መምሬ ከመቅደሱ ደጅ ሆነው ሲያይዋት ኖረዋል። አይተውም ዓይናቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ።

ጣሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

“ዝናሽ፣ ምሕረትአብን ውሰጂና ጊደሯን ጠበል ይርጭላት።”

ሁለቱ ወጡ። አያሌው የጋቢውን ጥለት በጣቱ ይፈትል ጀመር።

“ለምንድነው ሌላ አባት አልይዝም ያልከኝ?” አሉት መምሬ።

“ስለምወድዎት ነዋ።”

“እሱንማ አውቃለሁ። ሌላውስ?”

“እርስዎ አይጠይቁኝም” አለ አያሌው።

“አዎ፣ አልጠይቅህም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አያሌው። ትከሻህ ላይ ሆኜ ቁልቁለቱን ስወርድ ማተብህ ከላብህ ጋር ሲወዛወዝ እያየሁ ነበር የሄድኩት። ከዚያ በኋላ ፊትህን አይቼ ‘ያ ነገር የት ደረሰ’ ማለት አቃተኝ። ወደድኩህና ተውኩህ። አባት እንዲህ አይወድም።”

“ይሄ ጎረምሳ ነው። ምን ያውቃል?”

“ምንም አያውቅም። ተሸክመኸውም አታውቅ። ስለዚህ ይጠይቅሃል።”

አያሌው ቀና ብሎ ዓይናቸውን አየ። “ነግረውታል?”

“እኔ?” አሉ መምሬ። ድምፃቸው ከፍ ሊል ሲል መለሱት። “ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ሁሉም ቤት ሲለምነኝ ነው የከረመው። ባዶ ደብተር ይዞ ነው ደጅህ የደረሰው።”

ከውጭ የጊደሯ ጩኸትና የዝናሽ “ያዝዋት፣ ያዝዋት” ተሰማ። አያሌው ሳይፈልግ ፈገግ አለ። ወዲያው ግን ፊቱ ተመልሶ ጨለመ።

“እምቢ ካልኩስ?”

“እምቢ ካልክ እምቢ አልክ። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ የንስሐ አባትህ አይደለሁም። ወዳጅህ ነኝ። በቅሎህን ከላክህልኝ ጠላህን እጠጣለሁ፣ ስለ ዘንድሮው ገብስ እናወራለን። ከዚያ በላይ ግን ምንም የለኝም።”

ይህንን ሰው ማጣት ከጉልበታቸው ይልቅ ያማቸው ነበር። አያሌውም እጃቸውን ሊይዝ አሰበና ተወው። ጥለቱን መፍተል ቀጠለ፤ ፈተለ፣ ፈታ፣ እንደገና ፈተለ።

“ይግባ” አለ።

መምሬ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ምሕረትአብ ቀሚሱ እስከ ጉልበቱ በጠበልና በእበት ርሶ ቆሟል። ምን እንደሚጠብቀው ሊነግሩት አፋቸው ተከፈተ፤ “ዝም ብለህ ስማው፤ አትቸኩል፤ ግማሹን ሲናገር ያለቀ እንዳይመስልህ” ሊሉት። ከዚህ አንዷንም አልተናገሩም። “ግባ፤ ይጠብቅሃል” ብቻ ብለው ማሳውን አቋርጠው፣ ድምፅ ከማይደርስበት ካብ ድረስ ሄዱ። ለጉልበታቸው ሩቅ ነበር። ቀረብ ያለ ጥሩ መቀመጫ ድንጋይ አልፈው ነው የሄዱት።

ዝናሽ እንዝርቷን ይዛ መጥታ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ጉና ላይ የነበረው ጭጋግ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ በጎቹን ሸፈነ፣ ከዚያ ገለጠ። ክሯ ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። ሁለቱንም ጊዜ በትዕግሥት ቀጠለችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲበጠስ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሩን ማየት ያዘች።

ምሕረትአብ ሲወጣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ለመምሬ ጠዋት እማማ እቴነሽን ያሳቃቸው ልጅ አልመሰላቸውም። ለዝናሽ መስቀሉን ሰጣት። “ይጠብቅዎታል፤ ይግቡ” አላት። ዝናሽ የሄደችው በእርምጃ አልነበረም፤ በሩን እስክትደርስ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎትት ነበር።

ሁለቱ ቁልቁለቱን ጀመሩ። መምሬ ሊጠይቁት የፈለጉት ነበር። ነገረህ? ሁሉንም? ይጨርሰው ይሆን? አርባ እርምጃ ያህል ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ ዋጡት። አሁን የሳቸው አልነበረም።

“አባቴ” አለ ምሕረትአብ፣ “አንድ ነገር ልጠይቅዎ?”

“ስለሱ ከሆነ አትጠይቀኝ።”

“እሺ።” ትንሽ ሄደ። “ከብዶኛል።”

“ይከብዳል። ይለመዳል ብዬ አልዋሽህም።”

ጥቂት እንደወረዱ የነገው ቅዳሴ ተራ የማን እንደሆነ ጠየቁት። የሱ ነበር። ሲያበቃ ቶሎ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ፣ ቤተ ልሔሙ አጠገብ እንዲጠብቃቸው ነገሩት።

“ለምን፣ አባቴ?”

“ንስሐ የምገባበት ነገር አለኝ።”

ምሕረትአብ ቆመ። የመምሬ የንስሐ አባት የጣራ ገዳም መነኩሴ ነበሩ፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መምሬም ለጠየቃቸው ሁሉ መንገዱ ሲመቸኝ ወርጄ ሌላ አባት እይዛለሁ ሲሉ ነው የቆዩት።

“ለኔ?” አለ። “እርስዎ ያስተማሩኝ እኮ ነዎት።”

“ስላስተማርኩህ ነው ልትጠይቀኝ የምታፍረው? አባቱ ሊጠይቀው አፍሮ አንድ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሲቀር ዛሬ አይቻለሁ።”

“እሺ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እጠብቅዎታለሁ” አለ ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ።

መምሬ እሺ ብለው ሁለት እርምጃ ሄዱና እንደገና ቆሙ። ወደ ላይ አዩ፤ ወደ ታች አዩ። በመንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።

“ነገ አይሆንም” አሉ። “እስከ ነገ ሰበብ አገኛለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።”

ከመንገዱ ዳር አንድ ለመቀመጫ የሚሆን ድንጋይ ነበር። ምሕረትአብ እንደ ልማዱ በነጠላው ጠረገላቸውና እሱ ከሥሩ፣ ሣሩ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ። መምሬ ክንዱን ይዘው አስነሡት። ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ የማይታጠፈውን ጉልበታቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ ቀስ እያሉ ሣሩ ላይ ወረዱ።