ያሳለፍኳቸው ልጆች

ከዲጋ ነቀምቴ ሆስፒታል ድረስ የጠሩኝ ሊያክሙኝ አልነበረም። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ሊፈተኑ ነው፤ ፈተናው እኔ ነኝ። አራት ዓመት ያሰቃየኝ ትንፋሽ ማጠር ከምን እንደመጣ እኔን መርምረው ለፈታኙ ለዶክተር በርናባስ ይናገራሉ።

አንድ በአንድ ነው የሚገቡት። የመጀመሪያው ፊራኦል የሚባል ልጅ ነው። እጄን እንኳ ሳይነካ ጎንበስ ብሎ፣ «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ካርድሽ ላይ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?» አለኝ። ላብ በላብ ሆኖ ሳየው አንጀቴን በላኝና «አስም» አልኩት። ጉልበቴን ስሞ ወጣ። ከእሱ በኋላ የገቡት ሦስቱም ያንኑ ጠየቁኝ፤ ለሦስቱም ነገርኳቸው።

የመጨረሻዋ ሔለን ናት፣ የደብረ ብርሃን ልጅ። እሷ ካርድ አልጠየቀችም።

«እማማ፣ ሲተኙ ስንት ትራስ ይደራርባሉ?»

«ሦስት። ዝቅ ካልኩ እታፈናለሁ።»

«ልጅ ሳሉ ጉልበትዎ አብጦ ያውቃል?»

አብጦ ታዝዬ ነበር የምሄደው፤ እስከዚያ ቀን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በግራ ጎኔ አስተኝታ ደረቴን ረጅም ጊዜ አዳመጠች። እንድታልፍ ብዬ «አስም በይ» አልኳት። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ዶክተሩ ሲገባ፣ «አስም አይደለም፤ በልጅነታቸው ጉልበታቸውን ያሳበጠው በሽታ የልብ ቫልቫቸውን አጥብቦታል» አለችው። እሱ ዓይኑን ከካርዱ አላነሳም።

«አራት ዓመት በአስም ሳክማቸው ነው የኖርኩት! ሌሎቹ ሁሉ አውቀውታል። ወድቀሻል፤ ዓመቱን ትደግሚያለሽ።»



ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ያን ቀን ነቀዘ። እስከዚያ አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰውዬ አንተ አልኩት።

«ሌሎቹን ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ! አስም የሚለውን ከአፌ ለቅመው ነው የሄዱት። አንዳቸውም ደረቴን አልሰሙም። አንተስ? አስም ብለህ ስትጽፍ መቼ ሰማኸኝ?»

«እማማ፣ ይረጋጉ…»

«አልረጋጋም! ይቺን ልጅ ከመጣልህ በፊት ስማኝ!» ነጠላዬን ገፍፌ ተጋደምኩ።

በሩ ላይ ነርሶች ተሰብስበው ያያሉ። ምን ያድርግ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ። ደረቴ ላይ ወዲህ ወዲያ ሲል ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የት ጋ ነው የሰማሽው?» አላት።

ሔለን እጁን ይዛ ማዳመጫውን ከግራ ጡቴ ሥር አስቀመጠችለት። ያኔ ሰማኝ። አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበርኩ።