አንድ ሰው የቀረው ሚኒባስ

ድንቅነሽ ዳባት ላይ የአክስቷ ባል ቀብር ነበረባትና ደባርቅ መናኸሪያ የደረሰችው በሩጫ ነው። ተራ አስከባሪው «ዳባት! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። እውነትም ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ መሪ የጨበጠው ሰውዬም ሞተሩን ያስጓራል። ፈጣሪዋን አመስግና የመጨረሻዋ ቦታ ላይ ተወሸቀች።

ወዲያው አንዲት ሴት ዶሮ ታቅፋ መጣች። ከፊት የተቀመጠው ጎረምሳ ብድግ ብሎ ወረደላት። «አቤት ጨዋ ልጅ!» አለች ድንቅነሽ በሆዷ። ሁለት ቄሶች ሲመጡ ደግሞ ሁለት ጨዋዎች ወረዱ። ደባርቅ እንዲህ በጨዋ መሞላቷን ሳታውቅ ኖራለች! ጨዋዎቹ ግን ከተራ አስከባሪው ጎን ቆመው «አንድ ሰው የቀረው!» ማለት ሲጀምሩ ነገሩ ገባት። ለካስ ሚኒባሱ የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ የውሸት ተሳፋሪዎች ኖረዋል።

ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መኪናው በእውነተኛ ሰው ሞላ።

«ንዳው እንጂ ወንድሜ! ሟቹ እንኳ በሰው ትከሻ ሄዶ ቀደመኝ እኮ!»

ሰውዬው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ምነው? ወዴት ነው?»

«እኔ ሞተር ማስነሳት እንጂ መንዳት መች እችላለሁ፣ እትዬ! ሹፌሩ ገና ከዳባት እየመጣ ነው።»

«እሱን ደግሞ ምን ያዘው?»

«የተሳፈረበት ሚኒባስ አልሞላ ብሎት ነው። ግን አይዞሽ፤ አሁን ስደውልለት አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን ብሎኛል።»