ተማም «ዲለር ይሻላል» ያለ ሰሞን

«ዲለር ውሰደው» አለ ተማም።

ዓምደሚካኤል የደወለለት የመኪናው ፍሬን እየጮኸ አስቸግሮት ነበር። በኋላ እንደነገረው ከሆነ፣ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ የደወልኩት ለማን ነው ብሎ ስክሪኑን አይቷል።

«ምን አልክ?»

«ዲለር ውሰደው ነው ያልኩህ። ፍሬን ቀልድ አይደለም።»

ወይ ጉድ! ይህን የሚለው ማን ሆነና ነው? ላስ ቬጋስ ያለን ሐበሻ ሁሉ ሰብስቦ «ዲለር የሚሉት የመኪና ሻጮቹ ጋራዥ ማለት ዘይት ልትቀይር ገብተህ ሞተር ገዝተህ የምትወጣበት ቤት ነው» እያለ ሲሰብክ የኖረው ተማም እኮ ነው። የሚስቱ መኪና ላይ አንዲት መብራት ብትበራ «ማንም እንዳይነካት፣ ከሥራ ስመጣ አያታለሁ» ባዩ ተማም። ሰርግ ተጠርቶ በር ላይ ቆሞ፣ የሚያልፈውን መኪና በጆሮው ብቻ ሰምቶ «የዚህ የፊት ቀኙ የፍሬን ሸራ አልቋል» ባዩ ተማም። እሱ ነው እንግዲህ ዛሬ ዲለር የሚያሞግሰው።

«አንተ አትሠራውም?» አለ ዓምዴ።

«የዛሬ መኪና ሌላ ነው። ሁሉ ነገር ኮምፒውተር ሆኗል። እነሱ ማሽኑ አላቸው፣ ዋስትና ይሰጣሉ። ልጆች ይዘህ ነው የምትሄደው።»

እዚህ ላይ ነበር ነገሩ። ልጆች ይዞ ሊሄድ ነው። ዓምዴ ቬጋስን ለቆ ዴንቨር ሊገባ ነው፤ ተማም ደግሞ ይህን ከሰማ ጀምሮ ምግብ አልዋጥልህ ብሎታል። ዓምዴ የሚሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል የድግስ አዳራሽ ነበር። ካዚኖዎቹ ባለፈው ዓመት በወረርሽኙ ተዘግተው ሲከፈቱ ሌላው ሠራተኛ ጥቂት በጥቂት ተጠራ፤ ድግስ የሚባል ነገር ግን የለም። ዓመት ቆይቶ ጠበቀ። በመጨረሻ የሚስቱ የዘሪቱ ወንድም ዴንቨር መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘለት። ሰኞ ካልገባ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ዕቃው በካርቶን ታስሯል። የቀረችው ያቺ ሰባት ሰው የምትጭን ኤስዩቪ ናት፤ እሷም ፍሬን በተያዘ ቁጥር መጮህ ጀምራለች።

ተማም ደግነቱ አላልቅ ብሎት ዲለሩ ጋ ራሱ ደወለለት። ቀጠሮ የምትይዘው ልጅ ሠራተኛ እንደሚያንሳቸው ነገረችውና ያላት ክፍት ቀን ከፋሲካም ከኢድም በኋላ መሆኑን አስረዳችው። «ሌላው ቅርንጫፍ ቶሎ ይደርስልህ እንደሆነ ልጠይቅልህ?» ብትለው «የለም የለም፣ አትቸገሪ፣ እሱ ቀን በጣም ይመቸናል» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እንዴት እንዳመሰገናት ብታዩ የቀጠረችው ለሠርጉ ይመስላችኋል።

ሚስቱ ኡሙሰልማ ከጀርባው ቆማ ነበር።

«ለማን ነው የሚመቸው?» አለች።

«ለዓምዴ ነዋ።»

«ለዓምዴ! ሰኞ ሥራ የሚገባ ሰው፣ ከኢድ በኋላ ፍሬን ቢሠራለት ይመቸዋል?»

ተማም ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ያለውን የቤታቸውን መስኮት ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። 

«ልታስቀረው ነው አይደል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ዝም በይ እስቲ! ፍሬን ነው፣ ደኅንነት ነው ያልኩት።»

«እሺ፣ ደኅንነት ነው» ብላ ለኢፍጣር የቀረውን ምስር ልታይ ወደ ጓዳ ገባች።

እውነቷን ነው፤ ግን እስቲ ተማምንም እንረዳው። እሱና ዓምዴ የተዋወቁት በፍሬን ጩኸት ነው። ተማም ዲቪ ደርሶት ከኮምቦልቻ የመጣ ሰሞን ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባል መንገድ ላይ አንድ አፓርትመንት ተከራይቶ፣ ሌሊት እየሠራ ቀን ይተኛ ነበር። ታዲያ ልክ ዓይኑ ሲከደን አንድ መኪና ከመስኮቱ ሥር ሲጢጢጢጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ቀን ቻለ፣ ሁለት ቀን ቻለ። በሦስተኛው በሽርጡ ወርዶ፣ ሰውየው ሐበሻ ይሁን ሜክሲኳዊ ሳያጣራ፣ «ወይ አሠራው ወይ ሽጠው! ሰው እዚህ ይተኛል!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ። ከመኪናው የወጣው ዓምዴ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ማን ጋ ላሠራው?» አለው። ተማም ንዴቱ ሳይበርድለት «እኔ ጋ!» አለ።

ልጅነቱን የጨረሰው አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ የጭነት መኪና ጎማው እየጨሰ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ፍሬን እየፈቱ ሸራ መቀየር የዕለት እንጀራቸው ነበር። እናም በዚያው እሑድ፣ ሽርጡን በሱሪ ቀይሮ፣ የተውሶ ክሪክ አምጥቶ የዓምዴን መኪና አነሳት።

ከዚያ ወዲያ የፍሬን ቀን ማለት በዓል ሆነ። ዛሬ ያንተን፣ ሌላ ጊዜ የኔን፣ ከዚያ የጎረቤቱን። አንዱ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ይወርዳል፣ ሌላው ሐሳብ ብቻ ይዞ ይወርዳል። ቦርድ ተሰብስቦ የሚወስን ይመስል አንድ ብሎን ለመፍታት ስድስት ሰው ይከራከራል። ዓምዴ ከመካኒክነት አንዲት ነገር አልታደለም። አሥራ ሰባት ቁልፍ አምጣ ሲባል አሥራ አራት የሚያቀብል ሰው ነው። ስለዚህ ሥራው መሪው ላይ ተቀምጦ «ርገጥ» ሲባል መርገጥ ነበር። እየረገጠ ታዲያ ወሬው! በሆቴሉ ድግስ ላይ ማን ምን እንደበላ፣ ማን ቲፕ ሳይሰጥ እንደሄደ፣ እየተረከ ከመኪናው ሥር የተኛውን ተማምን በሳቅ ይገድለዋል። ሴቶቹ አንድ ትሪ ያወርዳሉ። ሥጋ ከሆነ የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ ትሪው ለሁለት መከፈሉ ነው፤ ስለዚህ በፍሬን ቀን ምንጊዜም ሽሮ ነው። ፓርኪንጉ ላይ ክብ ሠርተው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሮ፣ በአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። ተማም ዕድሜው ሁሉ ያ ፓርኪንግ ላይ ቢያልቅ ቅር አይለውም ነበር። ሰው ግን ቤት ይገዛል፣ ከተማ ይለውጣል፣ መኪናውን ይሸጣል። ወንበር ይዞ የሚወርደው እያነሰ ሄደ። ወረርሽኙ ሲመጣ ጭራሽ ሁሉም በሩን ዘጋ። ዓምዴ ብቻ እዚያው ቤት ቀረ፤ አሁን እሱም ሊሄድ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ዓምዴ ደወለ።

«ተማሜ፣ ቀጠሮውን ሰርዝልኝ። ነገ ጠዋት ልንወጣ ነው።»

«በምን ፍሬን?»

«ባለችው። ትጮሃለች እንጂ ትይዛለች። እዚያ ደርሼ አሠራታለሁ።»

ተማም የሐረጎ ቁልቁለት ድቅን አለበት። ከዴንቨር በፊት ባለው ተራራ ለሥራ ሁለት ጊዜ ነድቷል፤ መኪናው በራሱ ክብደት ወደታች ሲገፋ፣ ፍሬን የከዳቸው የጭነት መኪኖች የአሸዋ ማምለጫ እስኪፈልጉ ድረስ። ዘሪቱ ከፊት፣ ሦስቱ ልጆች ከኋላ፣ ጣሪያው ላይ ካርቶን። 

«እንዳትንቀሳቀስ! ቁልፏን ዘሪቱ ትያዝልኝ። መጣሁ!»

መለዋወጫ ሱቅ ሮጦ ሸራውንም ዲስኩንም ገዛ፤ የፊቱንም የኋላውንም። ሜሪላንድ ፓርክዌይ ሲደርስ ፓርኪንጉ ጭር ብሏል። ወንበር ይዞ የወረደ የለም። ዓምዴ ማስኩን አገጩ ላይ ጥሎ መኪናዋን ተደግፎ ይጠብቀዋል። አንዱ ሁዳዴ ላይ ነው፣ አንዱ ረመዳን፤ ውሃ የሚጠጣም ምግብ የሚያወርድም አልነበረም።

ተማም ብሎኖቹን አላላና በክሪክ አንስቶ የፊት ቀኙን ጎማ አወለቀ። ሸራውን የሚይዘውን ካሊፐር ፈትቶ በሽቦ አንጠለጠለው። የውስጠኛውን ሸራ ሲያወጣ ሸራ የሚባል ነገር አልነበረውም። አልቆ አልቆ ብረቱ ነው ዲስኩን ሲፍቅ የከረመው። ተማም አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። 

«ይህን ይዘህ ነው ልጆችህን ተራራ ልታወርድ የነበረው? አብደሃል? ጆሮ የለህም? አንድ ወር ሙሉ ስትጮህ!»

«ነገርኩህ እኮ» አለ ዓምዴ ቀስ ብሎ።

«ምን ብለህ?»

«ትጮሃለች ብዬ። አንተ ዲለር ውሰደው አልክና ለሦስት ሳምንት ቀጠርከኝ። የሚያሰጋ ነገር ቢሆን ተማም አንድ ቀን አያሳድረኝም አልኩ። በዚህ ነው ልሄድ የቆረጥኩት።»

ተማም ይህን ሲሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያለቀውን ሸራ ብረት በእጁ አገላበጠ።

«እንዳትሄድ ብዬ ነው» አለ። «ፍሬኑንማ አልሰማሁትም፣ አላየሁትም። ቀኑ እንዲርቅ ብቻ ነው የፈለግሁት። ሥራው ቢያመልጥህ ትቀራለህ ብዬ ነው።»

ዓምዴ ዓይኑን ወደ ፎቁ አነሳ። መጋረጃ የሌለው መስኮታቸው ውስጥ ዘሪቱ ካርቶን ስታሽግ ይታያል።

«አይ አንተ!» አለ። ሳቅ ጀምሮት ነበር፤ አልሆነለትም። «ዲለር ስትል እኮ ታመምክ ብዬ ነው የደነገጥኩት።»

 ተማም ሥራውን ቀጠለ። የካሊፐሩን ፒስተን ገፍቶ አስገባ፣ አዲሱን ዲስክ ከቅባቱ ጠረገ፣ ሸራውን ገጠመ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። ሌላ ጊዜ አንዴ የሚያጠብቀውን ሁለቴ አጠበቀ። አራቱም እግር እስኪያልቅ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ጉሮሮው ደርቋል፤ ጥማቱ ግን ትዝ አላለውም።

«ግባና ርገጥ» አለው።

ዓምዴ ገብቶ ረገጠ። ፔዳሉ መጀመሪያ ወለል ድረስ ወረደ፣ ደግሞ ረገጠ፣ ደግሞ፤ ጠነከረ። ዛሬ ግን ስለማንም አላወራም።  ተማም ከጎማው ሥር ሆኖ ወሬውን ጠበቀ፣ ጠበቀ። ሲቀርበት እንባው መጣ፤ በጠቆረ እጁ ጠረገውና ፊቱን ይባስ አጠቆረው።

ከዚያ ተማም ራሱ መሪውን ያዘና ዓምዴን ከጎኑ አስቀምጦ ወጡ። ባዶ መንገድ ፈልጎ ፈጠን ይላል፣ ፍሬን ይይዛል። ደግሞ ፈጠን ይላል፣ ይይዛል። ጠጋ ብሎ ሰማ፣ መሪውን ለቀቅ አድርጎ አየ። ወደ ግራ አትስብም፣ ወደ ቀኝ አትስብም። አንዳች ድምፅ የላትም።

ተመልሰው አፓርትመንቱ በር ላይ አቆማት። ዓምዴ ቀበቶውን አልፈታም።

«ተማሜ» አለ፣ «አሁን እውነቱን ንገረኝ። ትንሽ እንኳ የሚያጠራጥርህ ነገር ካለ እቀራለሁ። ዛሬውኑ ደውዬ ሥራውን ይቅርብኝ እላቸዋለሁ። ዘሪቱንም እኔ እችላታለሁ። ያንተ ቃል ነው።»

ዓይኑን እያየ ነው የሚለው። ለመቅረት ምክንያት የሚፈልገው እሱም መሆኑን ተማም ያን ጊዜ ነው ያየው። ትንሽ ይንቀጠቀጣል ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። የኋላው ፍሬን ልቤን አልሞላውም ቢል፣ ኮምፒውተሩን ዲለር ይየው ቢል፣ ነገ ጠዋት ካርቶኑ ይፈታል፣ እሑድ አንድ ላይ ይሆናሉ። ዓምዴ ያምነዋል። ምንም ቢለው እንደሚያምነው ቅድም አይቶታል።

ተማም ፍሬኑን አንዴ ደግሞ ረገጠው። ከእግሩ ሥር እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ቆመ።

«ያስኬዳል» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዴንቨር ድረስ ያስኬዳል። ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ቀንስ እንጂ ፍሬኑ ላይ አትተኛ። ደግሞ በጠዋቱ ውጡ፣ ልጆቹን ሙቀት ሳይዛቸው።»