ለኪቦርዱ የተሠራ ቤት

አናጢዋን ሟቹ ወንድሟ «ምስማር» ይላት ነበር፤ ቀጭን ስለሆነችና አንዴ የያዘችውን ስለማትለቅ። እሱ ጋዜጠኛ ነበር። ከወርክሾፗ ጋር ግድግዳ በሚጋራው የቤቱ ክፍል ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ ይውላል። እሷ ስትልግ፣ እሱ ቁልፎቹን ሲቀጠቅጥ፣ ጎረቤቱ «የወንድምና የእህት ባንድ ጀመረ» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ወንድሟ ካረፈ ዓመት አለፈው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ኪቦርዱን በፎጣ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ቁልፎቹ ደህና ናቸው፤ የፕላስቲክ ቤቱ ግን ከመደርደሪያ ወድቆ ተሰነጣጥቋል።

«ምስማርዬ፣ የእንጨት ቤት ሥሪለት። ልጄ ትጻፍበት። የአባቷ እጅ ያረፈበት ነገር ሜዳ ላይ አይቅር።»

«እሺ እትዬ። ምን ዓይነት ይሁን?»

«እኔ ምኑን አውቄው! አንቺ እንዳሻሽ።»

አናጢዋ ወንበርና ቁም ሳጥን እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም። የቁልፎቹን ሰሌዳ ካርቶን ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፈች፤ ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ አድርጋ፣ ለገመዱም መውጫ ትታ። መጀመሪያ ከጥድ ሠራችው። ቁልፎቹን ስትነካቸው ባዶ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የተበተነ መሰለ። ስፖንጅ ብትጠቀጥቅበት ደግሞ ታፈነ፤ ትራስ እንደ መምታት ሆነ። በሥራ መሸነፍ አትወድምና ወይራ ፈልጋ አመጣች። ወለሉን አወፈረችው፣ ጠፍጣፋ ናስ ቀበረችበት፣ በናሱና በእንጨቱ መሃል ስስ የሱፍ ጨርቅ አነጠፈች። ብሎኖቹን አጥብቃ መሞከር ጀመረች።

ዝቅ ያለ፣ ክብ ድምፅ ነው። ደስ አላት። ጥቂት ነካካች፤ ከዚያ የቀራት ቫርኒሽ ይበቃት እንደሆነ ስታስብ ልቧ ሌላ ዘንድ ሄደ።

በሩ ብርግድ አለ። የወንድሟ ሚስት ጫማ እንኳ ሳታደርግ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማነው?»

«ማን ማነው? እኔ ነኝ እንጂ።»

«አንቺ በሁለት ጣት አይደል እንዴ የምትጽፊው?»

አናጢዋ እጆቿን አየች። ዐሥሩም ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ተዘርግተዋል። ቶሎ አነሳቻቸው።

«ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት» አለች ሚስቲቱ። «ሲጽፍ ሲጽፍ ይቆይና ዝም ይላል፤ ከዚያ ረጅሟን ቁልፍ ሁለቴ መታ፣ መታ። ከሱ በቀር እንዲያ የሚያደርግ ሰው አላውቅም። ምን አለ? ምን ብሎ ጻፈ?»

«እትዬ፣ ገመዱ እኮ አልተሰካም።»

ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለውን ገመድ አዩት። የተባለ ነገር ካለ፣ ማንም ሳያነበው ቀርቷል።

ሚስቲቱ ሮጣ የልጇን ላፕቶፕ አመጣች። ሰኩት። አናጢዋ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቶቿን ዘርግታ ጠበቀች። ጣቶቹ የራሷ ነበሩ፤ ሻካራ፣ ዱልዱም፣ ኮላ የደረቀባቸው። በግድ ብትመታ የፊደል ዝብርቅርቅ ወጣ። ሚስቲቱ ያንን ዝብርቅርቅ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። ከዚያ ላፕቶፑን ከደነችው።

«ሌላ ስጫት» አለች። «ይሄ ለልጅ አይሆንም። ድምፁ የሱን እንዳይመስል፤ ስሞትልሽ፣ በምንም እንዳይመስል።»

አናጢዋ ከጥዱ ቤት ስፖንጁን አውጥታ፣ አሳምራ ቀብታ፣ ቁልፎቹን እሱ ላይ ገጥማ ሰጠች። ልጅቷ «አክስቴ፣ ሲንጫጫ ደስ ሲል!» ብላ አገላብጣ ሳመቻት። እናትየውም ሳቀች። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ ልማድ አመጣች፤ ከሰዓት ሲሆን ባሏ ይጽፍበት በነበረው ክፍል ወንበሯን ወደ ወርክሾፑ ግድግዳ ታስጠጋለች። የሚሰፋ ልብስ ትይዛለች፤ መርፌው ግን ሲንቀሳቀስ ያየ የለም።

የወይራው ቤት ባዶውን ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አለ። አናጢዋ ልትፈልጠው መጥረቢያ አንስታ ነበር፤ እጇ እምቢ አላት። ቁልፍ የሌለው ቤት ድምፅ እንደማያወጣ ጠፍቷት አይደለም። ቢሆንም ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲጎተት በሰማች ቁጥር፣ የሚቆረጥ እንጨት ባይኖርም፣ የኤሌክትሪክ መጋዙን ታስነሳለች።