የይኸነው ወንፈል

በዚያ ዓመት ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ታመመ። መጀመሪያ ቅጠሉ ቀላ፤ ቀጥሎ ጫፉ ደረቀ፤ ከዚያ ዛፉ እንደቆመ ሞተ። ከጥርባ እስከ አዲስ ቅዳም ያለው ገበሬ ጤፉን ቀንሶ የተከለው፣ ከሰል አክስሎ ልጅ ያስተማረበት ዛፍ ነበር። ከሰል ሊጭን ይመጣ የነበረው መኪና ባዶውን ተመለሰ፤ በኋላም መምጣቱን ተወ። መንገድ ተዘጋ፤ ኔትወርክ ጠፋ። ሰው በሬውን ሸጠ፤ ቀጥሎ የቤቱን ቆርቆሮ። ጥቂት ያልደረቀ ዛፍ የቀረው ሳይደርቅበት ለመቁረጥ ተጣደፈ። ለብቻው ያልቻለው ጎረቤቱን በወንፈል ጠራ፤ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ።

ቢሻውም ጠራ። የኪዳኑ የበኩር ልጅ ይኸነው መጥረቢያውን ይዞ ማልዶ መጣ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ የቢሻው ልጅ ትዕዛዙ ይቆርጠው የነበረው ዛፍ ባልታሰበበት በኩል ዞረና ይኸነው ላይ ወደቀ። ትዕዛዙ ጮኸ። ይኸነው አልጮኸም።

ሽማግሌ ገባ፤ ደሙ ደረቀ። በዕርቁ ቀን ኪዳኑ እንጅባራ ላይ የሠርግና የተዝካር ቪዲዮ የምታነሣውን ኢሕሳንን አስጠራ። «ሁለተኛው ልጄ መሳፍንት ቆላ ነው፤ መንገድ ተዘግቶበታል። ሲመጣ ከእኔ አፍ ይስማ» አለ። ሽማግሌዎቹንና ቢሻውን ደጅ አስወጥቶ ብቻውን በአገውኛ ተናገረ። ኢሕሳን የከተማ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አገውኛ አትሰማም። ያለውን ያወቀ የለም። ኪዳኑ በከርሞው ክረምት ሞተ።

አሁን መሳፍንት መጥቷል። ገበያ መሀል እንዲህ አለ፤ «ሽማግሌ የጋበዘውን ይመርቃል። አባቴ ደሙን መተዉን ከራሱ አፍ ካልሰማሁ የእኔና የትዕዛዙ ነገር አላለቀም።» ትዕዛዙ ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቱ አላደረም። ቢሻው ሌላ ልጅ የለውም።

ስለዚህ ሁለቱም እንጅባራ ኢሕሳን ሱቅ ተገናኙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ኢሕሳን ከመሳቢያዋ የኪዳኑ ቪዲዮ ያለበትን ጥቁር ዲስክ አውጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችው። ነካች። ደግማ ነካች። ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ይላል?» አለ መሳፍንት። በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ጋቢውን አላወረደም፤ ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር ነው። ቢሻው ከገባ ጀምሮ የሚያየው ያንን እጅ ነው።

«አልተፈቀደልሽም ይላል።»

«ሱቁ ያንቺ፣ ዕቃው ያንቺ! ማነው የሚከለክልሽ?»

ኢሕሳን ወደ ቢሻው ዞረች። «አባባ፣ ያኔ ያስቆለፉኝ ትዝ ይልዎታል?»

ትዝ ይለዋል። አንድ የሌላ ቤት የለቅሶ ቪዲዮ ከሆነ ስቱዲዮ ወጥቶ በየሰው ስልክ ሲዞር ሰማና እዚሁ መጣ። የሰው ኀዘን የመንደር ጨዋታ አይሆንም ብሎ፣ ቪዲዮው ሌላ ቦታ እንዳይገለበጥ ከለከለ። «ማንም እንዳይከፍተው አድርጊልኝ» አላት። «ማንም?» አለችው። «ማንም!» አለ። እሷም ከዝርዝሩ ውስጥ «ሁሉም ሰው» የሚለውን መርጣ «ከልክል» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ሁሉም ሰው ሲባል እነሱም እንዳሉበት ሁለቱም አላሰቡትም። ዲስኩ መሳቢያ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

መሳፍንት ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ ነው የሳቀው። «አጥር ሲያጥር በር የሚረሳ ገበሬ አይቼ አላውቅም፤ ካልፈለገ በቀር። ምን ነበር የደበቁት፣ አያ ቢሻው? አባቴ ምን ብሎ ነበር?»

«አላውቅም። ደጅ ነበርኩ።»

«ደጅ ነበሩ፤ ግን ያስቆለፉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» አለ ቢሻው። «እሷን አትናገራት።»

ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ተራ የሚጠብቅ አንድ ባለ ባጃጅ ከወንበሩ ሆኖ፣ «ይሄማ ቀላል ነው፤ ፎርማት አድርጊው፣ ይከፈታል» አለ።

ቢሻው ተስፋ አደረገ። «እውነት ነው?»

«ይከፈታል፤ ባዶውን» አለች ኢሕሳን። «አንተ ሰውዬ፣ ምክርህን ለባጃጅህ አቆይ!»

ሰውየው አንገቱን ቀበረ። እሷ ሻሿን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ክልከላውን ልታነሣ ሞከረች፤ እምቢ አለ። የመጣውን ጽሑፍ ደግማ አነበበች።

«ገባኝ። ዲስኩ ባለቤት ብሎ የሚያውቀው የተቃጠለውን አሮጌ ኮምፒውተሬን ነው። ይሄኛው ለሱ እንግዳ ነው። አስቀድሜ ባለቤትነቱን ወደዚህ አዞራለሁ፤ ፈቃድ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።»

ይሄ ለቢሻው ገባው። መሬትም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ሳይታወቅ ማን ለማን ግባ ይላል?

«ቢስሚላሂ» አለችና ነካች። ዲስኩ ተከፈተ። ውስጡ ያሉት ማኅደሮች ተደርድረው ታዩ፤ አንዱ ላይ «ኪዳኑ» ተጽፏል። መሳፍንት ከበሩ ተላቆ አንድ እርምጃ ገባ። ኢሕሳን የኪዳኑን ማኅደር ነካች። ያው ጽሑፍ ተመልሶ መጣ።

«ደግሞ ምንድን ነው?»

«የውጭው በር ተከፈተ፤ የጓዳው ግን አሁንም ተቆልፏል።»

«ቀልዱ ይብቃ!» መሳፍንት ሌላ እርምጃ ገባ። ከጋቢው ሥር ያለው እጅ ተንቀሳቀሰ። ቢሻው ሳያስበው ተነሥቶ በሱና በልጅቷ መካከል ቆመ። ባለ ባጃጁ ፎቶውን ረስቶ ወጥቶ ሄደ።

በዚህ መሀል አምፖሉ ጠፋ። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ባትሪ መጮህ ጀመረ። ስክሪኑ ግን አልጠፋም።

«ይሄ ባትሪ ምን ያህል ይቆያል?» አለ ቢሻው፣ ዓይኑን ከመሳፍንት ሳያነሣ።

«አዲስ ሳለ ይቆይ ነበር።»

«ኢሕሳን፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ። አያጣድፉኝ።» ወደ ኋላ ተመለሰች። አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ለውጡ ውስጥ ላሉት ማኅደሮችም ሁሉ ይድረስ የምትል። ቅድም ሳታያት አልፋለች። አሁን ምልክት አደረገችባት። አረንጓዴ መስመር ብቅ ብሎ መጓዝ ያዘ። ባትሪው ጩኸቱን አፈጠነ። መስመሩ እንደ አሮጊት ይሄዳል። ቢሻው በልቡ ማርያምን ጠራ፤ ዓይኑ ግን የመሳፍንት እጅ ላይ ነው።

መስመሩ ሞላ። ኢሕሳን የ«ሁሉም ሰው»ን ክልከላ ከሥሩ አነሣችና ማኅደሩን ነካች።

ኪዳኑ ታየ። ሳል አሳለው። በአገውኛ ጀመረ፤

«መሳፍንት። ትዕዛዙ ወንድምህን አልገደለውም፤ ዛፍ ነው የገደለው። እኔ ደሙን ትቻለሁ፤ አንተም ተው። አንድ ነገር ብቻ አልተውኩም። ወንድምህ ወንፈል ሄዶ ነው የሞተው፤ ወንፈሉ አልተመለሰም። ቢሻው ከዛሬው ዕርቅ በቀር ሐፍረት ይዞት ደጄን አይረግጥም፤ እኔም መጥራት አቃተኝ። አንተ ጥራው። የይኸነውን ቀን ተቀበልልኝ።»

ስክሪኑ ጠፋ። ባትሪው ዝም አለ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

መሳፍንት እጁን ከጋቢው ሥር አወጣ። ውስጥ የተወውን ነገር ቢሻው አላየም፤ የወጣው እጅ ግን ባዶ ነበር። መሳፍንት በዚያ እጁ ፊቱን ጠረገ።

«ሰሙ?»

«ሰማሁ።»

«የአባቴ ዛፎች እንደደረቁ ቆመዋል፤ የቆረጣቸው የለም። ሰኞ ይምጡ። ትዕዛዙንም ይዘው።»

«መብራት ሲመጣ ሁለት ቦታ እገለብጠዋለሁ» አለች ኢሕሳን ከጨለማው። «አባባ፣ አሁንም ይከለክሉኛል?»

«እሱን ጠይቂ» አለ ቢሻው። «ባለቤቱ እሱ ነው።»

ሰኞ አባትና ልጅ መጥረቢያቸውን ይዘው ማልደው ደረሱ። ትዕዛዙ ይኸነው ከሞተ ወዲህ መጥረቢያ ነክቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ዛፍ ሥር ቆሞ እጁ አልነሣ አለው። መሳፍንት ገመዱን ከግንዱ አናት አሰረና ሌላውን ጫፍ በክንዱ ጠመጠመ።

«ቁረጥ» አለው። «ሲዞር የምስበው እኔ ነኝ።»

ቆረጠ። ዛፉ በተሳበበት በኩል ወደቀ። ሁለተኛውም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ መሳፍንት ገመዱን ጣለ።

«ይበቃል፣ አያ ቢሻው። ወንድሜ የሠራው እስከዚህ ሰዓት ነበር።»

ቢሻው የመጥረቢያውን ስለት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ወንድምህ የመጣልኝ ለሙሉ ቀን ነው» አለና ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄደ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ማሳው ባዶ ነበር። መሳፍንት የወንፈል ጠላ በዋንጫ ሞልቶ አመጣ፤ መጀመሪያ ለትዕዛዙ ሰጠው።